ዳላስ፦ ሹሩባ ለመሥራት የግድ 1,000 ሰዓት መማር አለብኝ?

ሸጋዬ_ጋርላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ግራ ገብቶኝ ጻፍኩ።

አሜሪካ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አዲስ አበባ ገርጂ አንድ ፀጉር ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሹሩባ በሉት፣ አልባሶ በሉት፣ ሂውማን ሄር መስፋት፣ ሪላክሰር፣ ካስክ፣ ፔስትራ፣ ያልነካሁት የለም። የሲኦሲ ወረቀትም አለኝ። እዚህ ግን መጋዘን ገብቼ ካርቶን ነው የማነሳው። ወገቤ አለቀ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሐበሻ ፀጉር ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ። ባለቤቷ የራሷን ልጅ አስቀምጣ ፈተነችኝ። ጨርሼ መስታወት ስሰጣት ልጅቷ ከወንበሩ አልነሳም አለች፣ ፎቶ እያነሳች። እናትየውም ወደደችው። ከዚያ «ላይሰንስ ከሌለሽ ግን አልቀጥርሽም፣ ኢንስፔክተር ይመጣብኛል» አለችኝ። አንድ ትምህርት ቤት ደወልኩ። 1,000 ሰዓት፣ ወደ 14 ሺህ ዶላር አሉኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ግድግዳ ነው ያየሁት።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ለሹሩባ ምንም ወረቀት አያስፈልግም» ትላለች። ማንን ልመን?

ኪሩ_ዲኤፍደብሊው

እህቴ አትጨናነቂ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሥሪ፣ ካሽ ተቀበይ፣ ማን ያይሻል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

እትዬ_ወርቄ

ኪሩ፣ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ምክር ለሰው አይሰጥም። እሷ የጠየቀችው እንዴት ልደበቅ ብላ አይደለም።

ሸጋዬ የኔ ቆንጆ፣ እኔ ቴክሳስ ውስጥ በላይሰንስ ስሠራ 11 ዓመት አለፈኝ። ላስረዳሽ። የአክስትሽ ልጅም እውነቷን ነው፣ ባለቤቷም ሙሉ በሙሉ አልዋሸችሽም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

እዚህ አገር ላይሰንስ የሚሰጠው «ፀጉር ሠሪ» ለሚባል ሰው ብለሽ አታስቢው። እጅሽ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ነገር ነው። ሹሩባ፣ ማለትም ፀጉርን በእጅ መጎንጎን፣ መጠቅለል፣ ማስረዘም፣ ድሬድ መቋጠር፣ ቴክሳስ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ትምህርት ቤት የለ፣ ፈተና የለ፣ ክፍያ የለ። ሹሩባ ብቻ የሚሠራበት ቤትም የሳሎን ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሪላክሰር ስትቀቢ ግን ሌላ ዓለም ገባሽ። ቀለም፣ ፍሪዝ፣ ቆረጣ፣ እነዚህ የኮስሞቶሎጂ ኦፕሬተር ላይሰንስ ይፈልጋሉ። 1,000 ሰዓት ትምህርት፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና። እኔ ስማር 1,500 ነበር። አሁን ወርዶ ነው 1,000 የሆነው፣ እኔማ ስሰማ አምስት መቶ ሰዓቴን መልሱልኝ ልል ምንም አልቀረኝም። ዊቭ መስፋት ደግሞ ለብቻው 300 ሰዓት ያለው ፈቃድ አለ። ሂውማን ሄር እሰፋለሁ ብለሻልና እሱን ልብ በይ።

ሌሎቹንም ከፈለግሽ፦ ጥፍር 600፣ ፊት ማጽዳት 750፣ ሽፋሽፍት መቀጠል 320 ሰዓት ነው። ይህ የቴክሳስ ነው። ክፍለ ግዛት በተሻገርሽ ቁጥር ቁጥሩ ይቀየራል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለቤቷ ሹሩባ ብቻ ሥሪልኝ ነው ያለችሽ ወይስ ሌላም አለ?

ሸጋዬ_ጋርላንድ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ «ሰው ሲበዛ እግረ መንገድሽን ሪላክሰር ትቀቢልኛለሽ» ብላኛለች።

እትዬ_ወርቄ

እሱ ነው ነገሩ! ኢንስፔክተር የምትፈራው ለሪላክሰሩ ነው። የምትከፍልሽ ግን በሹሩባ ሒሳብ ነው እንዴ?

ሸጋዬ_ጋርላንድ

ሃሃ እትዬ በእግዜር!

ማስታወሻ_ያዥ

የ2015ቱን ነገር እትዬ ወርቄ አንስተዋልና ታሪኩን ልጨምር። እዚሁ ዳላስ የተጀመረ ነው፣ ብዙ ሐበሻ ግን አያውቀውም።

አይሲስ ብራንትሊ የምትባል የዳላስ ሹሩባ ሠሪ አለች። በ1997 ያለ ኮስሞቶሎጂ ላይሰንስ ሹሩባ ሠራሽ ተብላ ፖሊሶች ሱቋ ድረስ መጥተው አሰሯት። አስቡት፣ ፀጉር ጎነጎንሽ ተብሎ በካቴና። ለዓመታት ተሟገተች። በ2007 ክፍለ ግዛቱ ትንሽ ለቀቅ አድርጎ ለሹሩባ የ35 ሰዓት ሰርተፊኬት አመጣ።

ግን እሷ መሥራት ብቻ ሳይሆን ማስተማርም ፈለገች። ያኔ ሕጉ ምን አላት? ሹሩባ ለማስተማር ቤትሽን የፀጉር አስተካካይ ኮሌጅ አድርጊው። 2,000 ካሬ ጫማ ስፋት ያለው ቤት፣ አሥር የተማሪ ወንበር፣ መታጠቢያ ገንዳ። ሹሩባ እኮ ነው! ማበጠሪያና ሁለት እጅ የሚበቃው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደች፣ በጥር 2015 ዳኛው ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም ብሎ ፈረደላት። በዚያው ዓመት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 35 ሰዓቱንም ጭምር ሰረዘው።

በዚያው 2015 ሰኔ ላይ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የቅንድብ ነገር ወሰነ። በክር ቅንድብ የሚያነሱ ሰዎች (እኛም ሰፈር የሚሠራው ዓይነት) 750 ሰዓት ተማሩ ይባሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሲያሰላው ከ750ው ውስጥ እስከ 320 የሚደርሰው ሰዓት በክር ቅንድብ ከማንሳት ጋር ምንም አይገናኝም። ስለዚህ ለእነሱ ሻረው። የ320 ሰዓት ደሞዝ የጠፋበት ሰው ይህን ፍርድ ሲያነብ ምን እንደሚለው እግዜር ይወቅ።

ቢኒ_ሪቻርድሰን

ይኸው! እኔ ሁሌ የምለው ነው። ላይሰንስ የሚባለው ነገር በሙሉ ትምህርት ቤቶቹ የሚበሉበት ነው። ደንበኛው አይፈርድም እንዴ? ፀጉሬን ያበላሸ ጋ ሁለተኛ አልሄድም፣ አለቀ።

ጥፍር_ሠሪዋ

ቢኒ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሹሩባን ተወው፣ እሱ ነፃ መሆኑ ትክክል ነው። ሁሉንም በአንድ ማበጠሪያ አታበጥረው ግን።

እኔ የጥፍር ላይሰንስ አለኝ። 600ው ሰዓት ይበዛል? ይበዛል። እያዛጋሁ ያሳለፍኩት ቀን አለ። ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ፣ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

በ2000 ካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል የምትባል ከተማ አንድ የጥፍር ቤት ውስጥ እግራቸውን የታጠቡ ከ100 በላይ ሴቶች እግራቸው ላይ እባጭ ወጣባቸው። ተራ እባጭ አይደለም፣ ወራት የሚቆይ፣ ሲድን ጠባሳ የሚተው። የጤና መርማሪዎች ገብተው የእግር መታጠቢያ ወንበሮቹን ፈቱ። ውሃ የሚመጠጥበት ቀዳዳ ላይ ያለውን ወንፊት ሲያነሱ ከጀርባው ፀጉርና የቆዳ ፍቅፋቂ ተጠቅጥቋል። ባክቴሪያው እዚያ ተራብቶ ነበር። እግራቸውን ከመምጣታቸው በፊት የተላጩት የበለጠ ተይዘዋል፣ ምክንያቱም ምላጭ ቆዳ ላይ ትንንሽ በር ይከፍታል።

አሁን ንገረኝ፣ ደንበኛው ይህን በምን ያውቃል? ቤቱ አበባ አበባ ይሸታል፣ ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል። ወንፊቱን ፈትቶ የሚያይ ደንበኛ አለ?

ተመርቄ የገባሁበት የመጀመሪያው ቤት (ስሙን አልናገርም) ማበጠሪያና መቁረጫ የሚነከርበት ሰማያዊው ፈሳሽ፣ ባርቢሳይድ፣ ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ተቀምጧል። ያምራል። ግን ለጌጥ ነው። በሦስት ቀን አንዴም አይቀየርም፣ ዕቃው ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ሕጉ በየቀኑ ቀይሩ ይላል፣ ዕቃው ደግሞ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጠልቆ መቆየት አለበት። «ደንበኛ እየጠበቀች አሥር ደቂቃ?» አለችኝ አለቃዬ። በሁለተኛው ሳምንት ለቀቅኩ። ቢያንስ ለምን እንደምለቅ አውቅ ነበር፣ ያንን ያወቅኩት ደግሞ ቢኒ በሚሰድበው ትምህርት ቤት ነው።

ቢኒ_ሪቻርድሰን

እሺ፣ የወንፊቱን ነገር አላውቅም ነበር። ሚስቴን ዛሬ ማታ የትኛው ቤት እንደምትሄድ እጠይቃታለሁ 😅 ግን እህቴ፣ ወንፊት ማጠብ 600 ሰዓት ይወስዳል?

ጥፍር_ሠሪዋ

አይወስድም። እኔን ከጠየቅከኝ ንጽሕናው፣ ኬሚካሉ፣ የቆዳ በሽታ መለየቱ ጠንከር ተደርጎ በ200 ሰዓት ይማራል። ቀሪው እጅ ማፍታቻ ነው። እጅ ማፍታቻውን ደግሞ እየተከፈለኝ ብሠራው ይሻለኝ ነበር።

ሲያትሌዋ

እዚህ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም ሹሩባ ከ2015 ጀምሮ ነፃ ነው። ሙሉ ኮስሞቶሎጂ ግን 1,600 ሰዓት! ሸጋዬ፣ ቴክሳስ መሆንሽን አመስግኚ።

ሚኒሶታ_በረዶ

ሚኒሶታ፦ ሹሩባ ከ2019 ወዲህ ነፃ። ከዚያ በፊት 30 ሰዓት ተምራችሁ ተመዝገቡ ይሉ ነበር። ሙሉው 1,550 ሰዓት። ይኸው ነው፣ በረዶ ልጠርግ ልሂድ።

ዳዊት_ዘቨርጂኒያ

ቨርጂኒያ የሹሩባ ላይሰንስን የተወችው በ2012 ነው። በዚያው ዓመት ዩታ ውስጥ ከሴራሊዮን የመጣች አንዲት ሴት፣ ጀስቲና ክሌይተን፣ 2,000 ሰዓት ተማሪ ተብላ ከስሳ አሸንፋለች። በልጅነቷ እናቶቿ ጋ የተማረችውን ሹሩባ ዩታ ሁለት ሺህ ሰዓት ሊያስተምራት፣ ለዚያውም ትምህርት ቤቶቹ ሹሩባ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት። ይህ የአፍሪካ እናቶች ሁሉ ክስ ነው የሚመስለኝ።

አዮዋ የሚባል ደግሞ አለ፣ እስከ 2023 ድረስ ለኮስሞቶሎጂ 2,100 ሰዓት ይጠይቅ ነበር፣ አሁን 1,550 አድርጎታል። ካሊፎርኒያ በ2022 ከ1,600 ወደ 1,000 አወረደ። ሁሉም ወደ ታች ነው የሚሄደው።

ሸጋዬ_ጋርላንድ

ወይ ጉድ፣ ስንት ነገር አለ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። የስድስት ዓመት ልምዴና የሲኦሲ ወረቀቴ ምንም አይቆጠርልኝም? ደረጃ ሁለት ነው ያለፍኩት። እዚያ እኮ ፈታኟ ፊቴ ቆማ ሙሉ ፀጉር አሠርታኝ ነው ያለፍኩት።

ማስታወሻ_ያዥ

ሸጋዬ፣ እዚህ ላይ ሁለቱ አገሮች የሚመዝኑት ሌላ ሌላ ነው። ሲኦሲ «ትችያለሽ ወይስ አትችይም?» ብሎ እጅሽን ነው የሚያየው። ኮሌጅ ገብተሽ ይሁን አክስትሽ ጋ ተቀምጠሽ ተማርሽው፣ ፈተናውን ካለፍሽ አለፍሽ። ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው። ቴክሳስ ደግሞ መጀመሪያ ሰዓት ይቆጥራል፣ ከዚያ ነው እጅሽን የሚያየው። ወረቀትሽ ላይ «ብቁ» ይላል፣ «ይህን ያህል ሰዓት» አይልም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ አገር ቤት የተማርሽበት ማሠልጠኛ ካለ፣ በስንት ወር ስንት ሰዓት እንደተማርሽ የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም አስልኪ። ከዚያ አስተርጉመሽ፣ የውጭ ትምህርት በሚገመግም ድርጅት አስገምግመሽ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ለቲዲኤልአር፣ ታቀርቢያለሽ። ተስፋ አልሰጥሽም፣ ግን ሳትጠይቂ 14 ሺህ አትክፈይ። የጸጉር ቤት ልምዱ ብቻውን ግን ሰዓት አይሆንም።

ሰላማዊት_ሜስኪት

ደረጃ፣ ሰዓት ምናምን ስትሉ የእንግሊዝኛውን ፈተና ረሳችሁት። እጄ አልደነገጠም፣ እኔን የጣለኝ የጽሑፉ ነው። ሁለቴ ወድቄያለሁ። «የራስ ቅል አጥንት ስም» ይጠይቁሻል! ኦክሲፒታል፣ ፓራይታል... እኔ የማውቀው ማጅራትና ግንባር ነው። በእስፓኒሽና በቬትናምኛ መፈተን ይቻላል፣ በአማርኛ የለም።

በሦስተኛው እንዴት እንዳለፍኩ ልንገራችሁ። ቃላቱን በአማርኛ ፊደል በካርድ ጽፌ ፍሪጅ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ መኪናዬ መሪ ላይ ሳይቀር ለጠፍኩ። የስድስት ዓመት ልጄ ከእኔ በፊት ሸመደደችው። ኪንደርጋርደን ሄዳ ለአስተማሪዋ «ኦክሲፒታልሽ ያምራል» ብላታለች አሉ።

ጥፍር_ሠሪዋ

😂😂 ሰላምዬ ገደልሽኝ።

ቬትናሞቹን ካነሳሽ፣ እነሱ እንዴት እንደጀመሩ ታውቂያለሽ? በ1975 ከሳይጎን የተሰደዱ 20 ሴቶች ካሊፎርኒያ ካምፕ ውስጥ ሳሉ ቲፒ ሄድረን የምትባል የፊልም ተዋናይት ልትጎበኛቸው ትሄዳለች። ጥፍሯን አይተው ወደዱት። የራሷን ጥፍር ሠሪ አምጥታ እንዲማሩ አደረገች፣ ላይሰንስ አወጡ። ከዚያ እህት እህቷን፣ አክስት የእህቷን ልጅ እያስገባች ዛሬ ያለበት ደረሰ። በቋንቋቸው የሚያስተምር፣ በቋንቋቸው የሚፈትን ሁሉ የመጣው ብዛታቸው ስላስገደደ ነው። እኛም ተበታትነን ባንማር አማርኛው ይመጣ ነበር።

የአዛውንት_ረዳት

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሸጋዬ መጋዘን ወገቤን አለችና ነው። የነርስ ረዳትነትን፣ ሲኤንኤን፣ ለምን አታስቢውም? ሰዓቱ ትንሽ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው። ቴክሳስ 100 አድርጎታል፣ 60 ክፍል ውስጥ፣ 40 ደግሞ አረጋውያን ማቆያ ገብተሽ። ካሊፎርኒያ 160 ይጠይቃል። ግን የትም ብትሄጂ ከ1,000 ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ክፍያው ነው። ስትጀምሪ አንድ ነርሲንግ ሆም ቀጥሮሽ ከሆነ ወይም እንደሚቀጥርሽ በጽሑፍ ከሰጠሽ፣ ለሥልጠናው ሊያስከፍልሽ አይችልም። በራስሽ ከፍለሽ ከተማርሽና ጨርሰሽ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከተቀጠርሽ ደግሞ የከፈልሽው እንደሠራሽው ጊዜ እየተሰላ መመለስ አለበት። የፌዴራል ሕግ ነው። ደረሰኝ አትጣይ! እኔ ጥዬ ነው የምነግርሽ። ትምህርት ቤቱ «እንደዚህ የሚባል ነገር የለም» አለኝ፣ አመንኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ያወቅኩት።

ፈተናው ላይ እጅ መታጠብ አይቀርም። ቀላል ይመስላል አይደል? በእጅ መታጠብ የወደቀ ሰው አይቻለሁ። ቢያንስ 20 ሰከንድ በሳሙና፣ ጣት ለጣት፣ ጥፍር ሥር፣ ክንድ ከፍ እጅ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ጨርሶ፣ አድርቆ፣ ቧንቧውን በባዶ እጁ ዘጋው። አለቀለት። በንጹሕ ወረቀት ነው የሚዘጋው። እኔ ቤቴም እንደዚያ ሆኛለሁ፣ ባለቤቴ «ቤታችን ሆስፒታል ሆነ» ትላለች።

እትዬ_ወርቄ

የአዛውንት ረዳት፣ ምክርህ ጥሩ ነው፣ ግን ወገቧን ላለችው ልጅ ሰው ማንሳት ነው የምትላት? 😊 ካርቶን ቢያንስ አይነጫነጭም።

የአዛውንት_ረዳት

እትዬ ልክ ነዎት፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን የሚያነሳ ማሽን አለ! ሠራተኛ ቢበቃ ኖሮ ሁለት ሆነን ነው የምናነሳው።

ኪሩ_ዲኤፍደብሊው

ሸጋዬ፣ ሌላ መንገድም አለ። የማውቀው ሰው አንድ ቦታ ገንዘብ ከፍሎ ሰዓቱን ሞልተውለታል። ሳይገባ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

አወያይ

ኪሩ፣ ይህ ዓይነት ነገር እዚህ አይጻፍም። መልእክቱን ያልሰረዝነው ሌላው ሰው አይቶ እንዲጠነቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ከተደገመ ግን አካውንትህ ይዘጋል።

ሰላማዊት_ሜስኪት

አወያይ ደግ አደረግህ ስላልሰረዝከው። እኔም ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ሰው 2,500 ዶላር ስጪና በሦስት ወር ሰዓትሽ ይሞላል አለኝ። ጓጉቼም ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሰዓቱን የሚያስገባው ትምህርት ቤቱ ነው፣ በኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ክፍለ ግዛቱ። መሥሪያ ቤቱ ገብቶ ሲመረምር እና የውሸት ሆኖ ሲገኝ ሰዓቱም ላይሰንሱም ይሰረዛል። ገንዘቡን የበላው ሰው ያኔ ስልክ አያነሳም። እና ላይሰንሱ ላይ ያለው የእሱ ስም አይደለም፣ ያንቺ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይሽ ያላለቀ ከሆነማ ማጭበርበር የሚል ቃል ከስምሽ አጠገብ እንዲቀመጥ አትፈልጊም።

ማስታወሻ_ያዥ

በሕጋዊ መንገድ ክፍያውን ስለማቅለል ላክልበት። ግሪን ካርድ ካለሽ የፌዴራል ተማሪ እርዳታ ማመልከት ትችያለሽ። ፔል ግራንት የሚሉት የማይመለስ ነው፣ ለ2024–25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ሁለት ነገር ግን አጣሪ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ የፌዴራል እርዳታ መቀበል የሚችል መሆን አለበት፣ ሁሉም አይችሉም። ሁለተኛ፣ ፔል ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 600 ሰዓትና 15 ሳምንት ላለው ትምህርት ነው የሚሰጠው። እንደ ሽፋሽፍቱ 320 ሰዓት ያለ አጭር ትምህርት ላይገባበት ይችላል። (ጥፍር ልክ 600 መሆኑ አጋጣሚ ነው? እኔ ዝም ብያለሁ።)

«እርዳታ አለ» ሲሉሽ የትኛው ስጦታ፣ የትኛው ብድር እንደሆነ በወረቀት ለያይተው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ብዙ ልጆች ግራንት መስሏቸው ብድር ፈርመዋል።

ሰዓቱንም በሥራ አስልተሽ አስቢው። 1,000 ሰዓት በሳምንት 40 ብትማሪ 25 ሳምንት ነው። በሳምንት 20 ብቻ ከቻልሽ 50 ሳምንት፣ ያው ዓመት በይው።

ቢኒ_ሪቻርድሰን

ይህ ክር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሚስቴን ጠየቅኳት በነገራችን ላይ። የምትሄድበት ቤት ወንፊት የሌለው፣ ላስቲክ የሚነጠፍበት ገንዳ ነው፣ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ላስቲኩ ይጣላል። «አንተ ከመቼ ወዲህ ስለ እግሬ ታስባለህ?» አለችኝ።

ጥፍር_ሠሪዋ

ጎበዝ ሚስት። ገንዳውንም ግን ከላስቲኩ ሥር ይጥረጉት።

ሸጋዬ_ጋርላንድ

ሰላም ሁላችሁም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠፋሽ አትበሉኝ፣ ትርፍ ሰዓት እየገባሁ ነበር።

እንዲህ ሆነ። እትዬ ወርቄ እንዳሉኝ ተመልሼ ባለቤቷ ጋ ሄድኩና «ሹሩባ ብቻ ልሥራልሽ፣ ሪላክሰርና ቀለም አልነካም፣ ይህን በጽሑፍ እናድርገው» አልኳት። መጀመሪያ ተኮሳተረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ልጇ አነበበችላት። እውነትም ሹሩባ ፈቃድ አይጠየቅበትም። «ስድስት ዓመት ይህን ቤት ስሠራ አላወቅኩም» አለች። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ወንበር ሰጠችኝ። መጋዘኑን ገና አልተውኩም፣ ቀንሻለሁ። ሂውማን ሄር መስፋት ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ ሲጠይቁኝ አይቻልም እላለሁ። አንዷ ተቀይማኛለች።

ለገርጂው ማሠልጠኛ በወንድሜ በኩል የሰዓት ደብዳቤ አስጠይቄያለሁ። ጸሐፊዋ «እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም፣ ራስሽ ጻፊና ማኅተም እናድርግበት» ብላለች 🤦🏾‍♀️ እኔ ግን እንደዚያ አላደርግም፣ ከመዝገቡ ላይ ራሳቸው ቆጥረው ይጻፉልኝ ብያለሁ። እየጠበቅኩ ነው። መጣም ቀረም ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ 1,000 ሰዓቱን ልጀምር አስቤያለሁ። ሁለት ትምህርት ቤት አይቻለሁ፣ አንደኛው የፔል ግራንት ይቀበላል፣ ወረቀቱን ለያይተው አሳይተውኛል።

ሰላምዬ፣ ካርዶችሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ሰላማዊት_ሜስኪት

እልክልሻለሁ የኔ እናት። ሁለቱ ላይ ወጥ ፈሶባቸዋል፣ ይነበባሉ ግን።

እትዬ_ወርቄ

እሰይ የኔ ልጅ! እልል ብያለሁ እዚህ።

በይ አሁን እኔም ጉዳይ አለኝ። የእህቴ ልጅ ሠርግ በ15 ነው፣ ለመልሱ አልባሶ ትሠራ ብለው አምጥተውልኛል፣ እኔ ደግሞ አልባሶ እጄ ላይ የለም፣ የለመድኩት ቀለም ነው። ፀጉሯ ረጅም ነው፣ ግን ልስልስ ብሎ እየሾለከ አልያዝ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ወንበር አለሽ?

ሸጋዬ_ጋርላንድ

ለእርስዎ ጠፍቶ ነው እትዬ? በሁለት ሰዓት ይምጡ፣ በሐበሻ አቆጣጠር። ከዋዜማው ፀጉሯን አታጥቡት፣ ቅባት ያለበት ይሻላል፣ ያኔ አይሾልክም።